መሪውን የነካ እጅ

ባለቤቴ ሲሞት የተወልኝ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነው፤ ሰው ዶልፊን የሚለው ዓይነት። ከሚዛን ቴፒ፣ ከቴፒ ሚዛን ሃያ ዓመት ሙሉ ሕዝብ ጭኖበታል። እኔ በእነዚያ ሃያ ዓመታት የያዝኩት ስንቁን ነበር። ጠዋት ምሳውን ቋጥሬ እሰጠዋለሁ፣ ማታ ባዶውን ሳህን እቀበለዋለሁ። ሸኮን የማውቃት ከጫማው ሥር በማራግፈው ጭቃ ነው። ቴፒን የማውቃት በኪሱ ይዞልኝ በሚመጣው ኮረሪማ ነው።

መንዳት ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ለመንጃ ፈቃድ አራተኛ ክፍል ይበቃ በነበረበት ጊዜ አራተኛን ጨርሼ ስለነበር ፈቃዱን አወጣሁ። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ ግን፣ «እኔ ስታመም ማን ሊነዳ ነው?» አላቸው። እውነትም ሲታመም ሆስፒታል ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ሬሳውን ይዤ የተመለስኩትም እኔ ነኝ። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም።

ተዝካሩ እንደወጣ ልጆቼ ተሰበሰቡና መኪናው ይሸጥ አሉ። ትልቁ ልጄ አስተማሪ ነው፤ ሲናገር ጣቱን ሰሌዳ ላይ እንዳለ ያንቀሳቅሳል።

«እማዬ፣ ቆሞ ዝገት ከሚበላው...»

«አይቆምም» አልኩት።

በማግስቱ አናጢ ጠርቼ የኋላውን ወንበሮች አስፈታሁ። በቦታቸው የጣውላ አልጋ አስመታሁ። ከአልጋው ሥር የውኃ ጄሪካን፣ ትንሽ ቡታጋዝ፣ ድስትና የሽንኩርት ዘንቢል ገባ። መስኮቶቹን በአሮጌ ነጠላ መጋረጃ አደረግኩላቸው። የጎረቤት ሴቶች እየመጡ አዩት። አንዷ፣ «ሳሎን ሆነ እኮ! ቡና የምትጠሪን መቼ ነው?» አለችኝ። «እኔ ከዚህ ስሄድ ባዶ ቤቴ መጥታችሁ ጠጡ» አልኳት።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሸዋ ቤንች፣ ሸኮ፣ ቴፒ ደርሼ መመለስ። የምፈልገው ዕቃ የለ፣ የምጠይቀው ዘመድ የለ። ዕድሜዬን ሙሉ በሌላ ሰው ወሬ የሰማኋቸውን ከተሞች በራሴ ዓይን ማየት ነው የፈለግኩት።

«ብቻሽን?» አለ ልጄ።

«ብቻዬን።»

«በዚህ ዕድሜ?»

«በየትኛው ዕድሜ ልሂድልህ? ያለፈውን እናንተን ሳሳድግ ጨርሼዋለሁ።»

ሾፌር እቀጥርልሻለሁ አለ። እምቢ አልኩ። ክርክራችን ሦስት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ሐጂ ገቡበት። ሐጂ አባታቸው ከጅማ በኩል የመጡ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ ማንም ሲጣላ ምስክር የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። ልጄ በእሳቸው ፊት ውሉን ተናገረ። ደርሼ እስክመለስ ድረስ ከእኔ ሌላ ሰው መሪ ከነካ፣ ቁልፉን ለእሱ አስረክባለሁ፤ መኪናውም ይሸጣል። ማንም ካልነካ፣ እስክሞት ድረስ ስለዚህ መኪና ክፉ ቃል አይወጣውም።

«ተስማምተሻል እህቴ?» አሉኝ ሐጂ።

«ተስማምቻለሁ።»

«ኋላ ይህ አልተባለም፣ ያ አልተባለም የለም!»

«ሐጂ፣ እኔ መቼ ነው ቃሌን ያጠፍኩት?»

«አንቺማ ቃልሽን ብታጥፊ ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ያርፍ ነበር» አሉና ሳቁ።

የሰኔ ዝናብ በጀመረ በሳምንቱ ወጣሁ።

መጀመሪያ ሸዋ ቤንች ሄድኩ፤ ቅርብ ስለሆነ እጄን ልፈትሽበት ብዬ። የገበያ ቀን ነበር። ጎደሬና ሙዝ በተነጠፈበት ዳር መኪናዬን አቁሜ፣ በሩን ከፍቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ሰው እየመጣ ወደ ውስጥ ያያል።

«ማዘር፣ ምንድን ነው የሚሸጠው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወጥ እሠራለሁ።»

«ሾፌሩስ?»

ይህችን ጥያቄ ያን ቀን አሥር ጊዜ ሳልሰማት አልቀረሁም። ሾፌሩስ? ሾፌሩ የት ሄደ? መጀመሪያ ላይ፣ ባለቤቴ ነበር፣ አስተምሮኝ ነበር፣ እያልኩ አስረዳሁ። ከዚያ ሰለቸኝ። መሪውን ይዤ እያዩኝ እንኳ ዓይናቸው ከኋላዬ ወንድ ይፈልጋል።

በማግስቱ ወደ ሸኮ ለመሄድ ሚዛንን በመካከል አቋርጬ ማለፍ ነበረብኝ። በራሴ ቤት በር ላይ አለፍኩ። አልቆምኩም። ሐጂ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው እጃቸውን አነሡ፣ እኔም ጡሩምባ ነፋሁላቸው። የገዛ ቤቴን እንደ መንገደኛ ሳየው አጥሩ እንዴት ማዘንበሉን አስተዋልኩ። ስመለስ አስጠግነዋለሁ አልኩና ቀጠልኩ።

ሸኮ አድሬ ቴፒ ገባሁ። ሙቀቱ ከሚዛን ይለያል፤ ልብስ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እስከ ዓይን መጨረሻ ድረስ ይሄዳል። ቁንዶ በርበሬ በዛፍ ግንድ ላይ እንደ ሐረግ ሲወጣ ያየሁት ያኔ ነው። አርባ ዓመት ወጥ ውስጥ ስከተው፣ አበቃቀሉን አላውቅም ነበር። በዚህም ተናደድኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ ግን ማንም ነይና እዪ አላለኝም።

የኋላ ጎማዬ ስለላላብኝ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ቆምኩ። ሽማግሌ ነው፤ እጁ እስከ ክንዱ ጥቁር። ጎማውን ሊያይ ጎንበስ አለና በሩ ሥር ያለችውን ስርጉድ ዳሰሳት። ቀና ብሎ መኪናውን ዙሪያውን አየው።

«ይቺን መኪና አውቃታለሁ። ይቺን ስርጉድ የፈጠረው የእኔው ክሪክ ነው፣ አምልጦኝ። ሰውየው አልተቆጣኝም ነበር። ሾፌሩስ ደኅና ነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄው በትክክል የተጠየቀኝ ያኔ ነው።

«ሞተ» አልኩት። «አሁን ሾፌሩ እኔ ነኝ።»

ሰውየው እጁን በጨርቅ ጠረገ። ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ ሌላ ምንም ሳይጠይቅ፣ «ከሸኮ ወዲያ ናዳ ወርዷል እያሉ ነው፤ ሲመለሱ በሁለተኛ ማርሽ ይግቡ፣ መሐል ላይ ፍሪሲዮን እንዳይረግጡ» አለኝ። ለሾፌር የሚነገር ነገር ነገረኝ። የዚያን ቀን እስኪመሽ ደስ እንዳለኝ ቀረሁ።

ስመለስ ሸኮ ሌላ ሌሊት አደርኩ። ዘበኛ ስላለ ብዬ መኪናዬን መናኸሪያው ጥግ አቆምኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጄሪካን ይዤ ቦኖ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ። የተንሸራታቹ በር መቆለፊያ ከድሮም አይይዝም። ወረፋ ነበረና ቆየሁ። ስመለስ ከሩቁ ጩኸት ይሰማኛል።

«ሚዛን! ሚዛን! የሞላ!»

ቀረብ ስል የሚጠራው ለእኔ መኪና ነው። አምስት ሰው አልጋዬ ላይ ተደርድሯል። ስድስተኛው የሽንኩርት ዘንቢሌን ታቅፎ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ጋቢናው ውስጥ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጎን፣ ሆዱ እስከ መሪው ሊደርስ ጥቂት የቀረው አንድ ወፍራም ነጋዴ ስልኩን ይነካካል።

«እማማ፣ ሾፌሩን ጥሩልን፣ ሞልቷል!» አለችኝ አንዲት ሴት።

«ሾፌሩ እኔ ነኝ። የተቀመጣችሁትም አልጋዬ ላይ ነው።»

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ከሥሯ ትራሴን አወጣችው። «እኔ ደግሞ ዛሬስ ወንበሩ ተመቸኝ እያልኩ!» ስትል ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ተራ አስከባሪውን ፈለግኩት። ደብተሩን ብብቱ ውስጥ እንደያዘ መጣ።

«ማዘር፣ አንደኛ ተራ ላይ ነው የቆምሽው። ተራ ላይ የቆመ ይጭናል። ሕግ ነው።»

«እኔ የቆምኩት ልተኛ እንጂ ተራ ልይዝ አይደለም። ሕዝብ የመጫን ፈቃድም የለኝም።»

«ከትናንት ጀምሮ መኪና የለም። ናዳው ይዟቸዋል። ታዲያ እነዚህ ምን ይሁኑ?»

ወደ ሰዎቹ አየሁ። ከሰዎቹ ኋላ፣ ከመኪናው ውጭ፣ አንዲት የእኔ እኩያ የሆነች ሴት ቆማለች። የጎደሬ ኬሻ በጀርባዋ አዝላ ገመዱን በግንባሯ ይዛለች፣ በእጇ በቢጫ ዕቃ ማር ይዛለች።

«እሷስ?» አልኩ።

«አልደረሳትም» አለ ተራ አስከባሪው።

«መቼ ነው የመጣችው?»

የትራሷ ሴትዮ ናት የተናገረችው፤ «ትናንት ጠዋት መጥታለች፣ እዚሁ ነው ያደረችው። ልጇ ሚዛን ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ነው። አማርኛ ብዙም አትሰማም።»

«ጋቢና የተቀመጠውስ?»

«አሁን ነው፣ አሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው።»

የሚያቃጥለኝ ነገር ይኸው ነው። ደብተር ይዘው፣ ሕግ ብለው፣ ሕጉን ጉልበት ያለው ላይ ሲደርሱ የሚያጥፉት። የጋቢናውን በር ከፈትኩ።

«ውረድ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ እከፍላለሁ፣ እጥፍ...»

«እኔ ማንንም አላስከፍልም። ትሄድ እንደሆነ ከኋላ ወለሉ ላይ ቦታ አለ። እሷ ናት ቀድማ የመጣችው።»

«እንዲህ ወፍሬ ወለል ላይ?»

«ከፈለግህ ነገ ቀጥነህ ና።»

ወረደ። ሴትዮዋን እጇን ይዤ ጋቢና አስቀመጥኳት። ማሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ብቻ አየች። ውሌን ሳስበው ሰው አትጫኚ የሚል የለበትም። የተባለው ስለ መሪው ነው። ተነሣን።

ናዳው ጋ ስንደርስ ሦስት መኪና ተሰልፏል። ቀዩ አፈር ከነዛፉ ከገደሉ ወርዶ መንገዱን ሞልቶታል። በመሐሉ ጎማ የቆፈራቸው ሁለት ቦዮች አሉ፤ በግራ በኩል ገደል ነው። አንድ የአይሱዙ ሾፌር፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የሌሎችን መኪና እየተቀበለ ያሻግራል። ሾፌሮቹ ራሳቸው፣ ወንዶቹ፣ ቁልፋቸውን እየሰጡት በእግራቸው ይሻገራሉ። ማንም አያፍርም። ተራዬ ሲደርስ ወደ መስኮቴ መጣ።

«እናቴ፣ ውረጂና ላሳልፍልሽ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራሴ አልፋለሁ።»

«ይቺ እኮ ጨዋታ አይደለችም!»

ከኋላ የነጋዴው ድምፅ መጣ። «እማማ፣ ለሰውየው ይስጡት! በአንድ ሰው ኩራት ስምንት ነፍስ ይለቅ?»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ሰውየውን ጠልቼዋለሁ፤ ያለው ግን እውነት ነው። ስለጠላሁት እውነቱን ሐሰት ላደርገው አልችልም። ቁልፉ የእኔ ጉዳይ ነው፤ የእነሱን ነፍስ ለእኔ ውል መያዣ ላደርገው አልችልም። ዞር አልኩላቸው።

«ሁላችሁም ውረዱ። በእግራችሁ ተሻገሩ። እኔ ብቻዬን አመጣታለሁ።»

ወረዱ። ጋቢና ያለችውም ወረደች። እሷ ግን ከሌሎቹ ጋር በዳር አልሄደችም። ኬሻዋን ለትራሷ ሴትዮ አሸከመችና፣ አንድ በትር አንሥታ ከመኪናው ፊት ጭቃው ውስጥ ገባች። በባዶ እግሯ እየረገጠች፣ በትሯን እየሰካች ትፈትሻለች። በትሩ ዝም ብሎ ሲገባ ራሷን ትነቀንቃለች። ሲያቆማት ዞር ብላ በእጇ ነይ ትለኛለች። ሰው የቆፈረውን ቦይ ትታ በቀኝ በኩል፣ ከሥር ድንጋይ ያለበትን መረጠች። የአይሱዙው ሾፌር፣ «ኧረ በዚያ አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። እኔ እሷን ተከተልኩ። ሁለተኛ ማርሽ፤ ፍሪሲዮኑን አልነካሁም።

ልንጨርስ አሥር እርምጃ ሲቀረን የኋላው ጎማ ሰመጠ። ጎማው ይዞራል፣ መኪናዋ አትሄድም። ቀስ እያለች ወደ ግራ፣ ወደ ገደሉ ትንሸራተታለች። ተሳፋሪዎቹ ሮጠው መጥተው ከኋላ ያዟት። «አንድ! ሁለት!» ይላሉ። ነጋዴው በእኔ በኩል መጥቶ የበሩን ምሰሶ ይዞ ይገፋል፤ ፊቱ ቀይ ሥር ሆኗል። መኪናዋ እንደገና ወደ ግራ ስትሄድ፣ በተከፈተው መስኮት እጁን አስገባና መሪውን ይዞ ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። በቁጣ እጁን መታሁት። ግን እሱ ጠምዝዞ ጨርሶ ነበር፤ ጎማው ድንጋይ ያዘና መኪናዋ ዘላ ደረቁ ላይ ወጣች።

እልልታ ሆነ። የአይሱዙው ሾፌር ከማዶ እጁን አነሣልኝ። ያቺ ሴት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ትስቃለች። ነጋዴው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ትንፋሹን ይሰበስባል። መሪ መንካቱን ከእኔ በቀር ያስተዋለ የለም። እሱም ራሱ አላስታወሰው።

እስከ ሚዛን ድረስ እየነዳሁ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። በመስኮት መንካት መንካት ነው? አንደኛው እጄ ከመሪው አልተነሣም፤ መሪው የሁለታችን ነበር። ደግሞ እኔ አልፈቀድኩለትም። እያንዳንዷ ኩርባ ላይ አንድ ሰበብ አገኘሁ። መናኸሪያ ሁሉንም ሳወርድ ያቺ ሴት ከማሯ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። አልፈልግም ብላት መሪው ላይ አስቀመጠችውና ሄደች።

ሐጂና ልጄ አጥሩ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። መኪናዬ ከጭቃው የተነሣ ቀለሟ አይታወቅም።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ። «በሰላም መጣሽ። እንግዲህ ምስክር ነኝና ልጠይቅ። ሌላ ሰው መሪ ነክቷል?»

የልጄን ፊት ሳየው መልሱን አስቀድሞ ያወቀው ይመስላል፤ አልነካም እንደምል።

«ነክቷል» አልኩ።

ቤት ገብተን የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ልጄ ቀስ በቀስ ፈገግ እያለ ሰማኝና ሲያልቅ ሳቀ።

«እማዬ፣ ይሄ ምን መንካት ነው? ለአንድ አፍታ፣ በመስኮት! በይ ቁልፉ ያንቺው ነው።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ውሉ ነክቷል ወይስ አልነካም ነው። ለአፍታ የሚል የለበትም። አንተ ተማሪህን ለአፍታ ብቻ ነው የኮረጀው ብለህ ታሳልፈዋለህ?»

«እኔ እኮ አዘንኩልሽ እንጂ...»

«ስሸነፍ የምታዝንልኝ ከሆነ፣ ሳሸንፍ አታምነኝም። በምሕረት የሚሰጥ ቁልፍ አልፈልግም። አዲስ ውል እንግባ። በሐምሌ ዝናቡ ሲበረታ፣ ያንኑ መንገድ፣ ናዳው ሳይጠረግ እንደገና እሄዳለሁ፤ ያኔም ሰው መሪ ከነካ ይሸጥ። እስከዚያ ቁልፉ ሐጂ ዘንድ ይቀመጥ።»

ልጄ ሐጂን አየ። ሐጂ ጺማቸውን ዳሰሱ።

«ወላሂ፣ የተሸነፈ ሰው ውል ሲያወጣ ዛሬ አየሁ» አሉ። ግን ቁልፉን ተቀበሉ።

ሦስት ሳምንት ከስኳር ኬሻው በላይ ባለች ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ጨው ልገዛ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። ልጄ በእነዚያ ሳምንታት አጥሬን አቀናልኝ፤ ስለ መኪናው አንድም አልተናገረም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሐጂ ከሾፌሮች ጠይቀው፣ «ናዳው እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ብሷል» አሉኝ። «እንኳን!» አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

በዚህኛው ጉዞ ሸኮ ስደርስ ተራ አስከባሪው ከሩቅ አይቶኝ፣ «ሾፌሯ መጣች» አለ። ቴፒ ደርሼ ተመለስኩ። ናዳው ጋ ዝናብ ነበር። ስድስት መኪና ተሰልፏል። አንድ የማላውቀው ሰው ጭቃ ተለውሶ ወደ መስኮቴ እየሮጠ መጣ፤ እጁ ተዘርግቷል፣ ሊረዳኝ ነው፣ ክፋት የለውም። ፈገግ አልኩለት። የመስኮቱን መስታወት እስከ ላይ ዘጋሁትና ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ።